ያልታመሙት አይጦች

ተመራማሪዋን ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር፤ እሱ ግን ቶንዶዝና መቀስ ይዞ ፀጉር ቤት ገባ፣ የሰው ፀጉር እየቆረጠም እስከ ዩኒቨርሲቲ አደረሳት። እጁ የተመሰከረለት ነበር። ሲላጫቸው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የሚወስዳቸው ደንበኞች ነበሩት።

ያ እጅ ነው ገና አርባ ሳይሞላው መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ። ኋላ የአንድ ደንበኛ ጆሮ ደማ። ሰውየው ክፉ አልተናገረም፤ ብቻ ተመልሶ አልመጣም። ሌሎቹም አንድ ባንድ ቀሩ፤ ፀጉር ቤቱም ተዘጋ።

ሐኪሞቹ ከደሙ ውስጥ አንድ የተበላሸ ጂን አገኙ። እህትየው የያዘችውን ሥራ ጥላ ያንኑ ጂን በአይጦች ላይ ወደሚያጠና ቤተ ሙከራ ተዛወረች።

"ጋሼ፣ ሴሎቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ትንንሽ የኃይል ማመንጫዎች አሉ" ብላ አስረዳችው። "ሲያረጁ በዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ዩቢኩቲን የሚባል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ ምልክት ያለበት ይወገዳል። አንተ ጋ ግን የሚለጥፈው የለም።"

"በቃ ቆሻሻ ሰብሳቢው ቀርቶብኛል በይኛ!" ብሎ ሳቀ። "አይጦቹስ?"

"የእነሱንም ጂን አጥፍተንባቸዋል። እንዳንተ ሲታመሙ መድኃኒት እንሞክርባቸዋለን።"

ከዚያ ወዲህ ልትጠይቀው በመጣች ቁጥር ከሰላምታ በፊት "አይጦቼ እንዴት ናቸው?" ይላታል። "አይጦቼ" ማለቱ አንጀቷን ይበላት ነበር።

አይጦቹ ግን አልታመሙም። በቀጭን ዘንግ ላይ ስታስኬዳቸው እግራቸው እንኳ ሳይስት ሽው ይላሉ። አረጁ፣ ፀጉራቸው ሳሳ፤ መንቀጥቀጥ የሚባል ግን የለም። በመጨረሻ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ጠርታ "እኔም እንዳንቺ ተስፋ አድርጌ ነበር። ካልታመሙ ምናቸውን እናክማለን? እዚህ ላይ ይብቃ" አለቻት።

በዚያው ምሽት ወንድሟ እንደ ልማዱ ጠየቃት። እውነቱን መናገር አቃታት።

"ደህና ናቸው" አለች። ውሸትም አልነበረም።

"ደህና?" ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ። "ዳኑ እንዴ? መድኃኒቱ ሠራ?" መልስ እንኳ አልጠበቀም። "ኧረ ነይማ! አይጦቹ ድነዋል!" ብሎ ሚስቱን ተጣራ። ሚስቱ የእጇን የሳሙና አረፋ ሳትጠርግ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እህትየው ጎንበስ ብላ የወደቀውን ወንበር አነሳች።

በማግስቱ፣ ጥናቱ ስላበቃ፣ አይጦቹን በደንቡ መሠረት በጋዝ የመግደሉ ተራ የእሷ ሆነ። አንዷ አሮጊት አይጥ ከመዳፏ አልወርድ ብላ ጣቷን ታሸት ነበር። "አንቺ ምን አግኝተሽ ነው የተረፍሽው?" አለቻት። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አስገባቻት።

ከሥራ ወጥታ ልትጠይቀው ስትመጣ የተዘጋው ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ወንድሟ በሚንቀጠቀጥ እጁ መስታወት ይወለውላል። ከዚያ በላይ አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ አልዳኑም። መጀመሪያውኑም አልታመሙም። ጂኑን ብናጠፋባቸውም ምንም አልሆኑም፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም። የሞከርነውም መድኃኒት የለም።"

ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። "እኔ ያጣሁትን አጥተው... ምንም?"

"ምንም።"

"ታዲያ ትላንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለ፤ ቁጣ የለበትም። "ሚስቴ እኮ ጠዋት ለእናቷ ደውላ ነግራለች። አሁን በምን አፏ ትመልሰዋለች?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች።

እሱ መጋረጃውን ሲያወርድ እሷ ደጅ ወጥታ ደወለች። የሚስቱ እናት ድምጿን እንደሰሙ ምርቃቱን አዥጎደጎዱት፤ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ልጄን ከሐዘን አወጣሽልኝ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። ግድግዳውን ተደግፋ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።