ስልሳ ወታደሮች ላይ የወረደ ጉም

ወታደሮቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም። ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ሁለት ሰዎች ጦር የሚያዋጉባቸው የፕላስቲክ ምስሎች ናቸው። የሌላው ሰው ወታደር አንድ ወጥ ቀለም ተቀብቶ ወደ ውጊያው ይገባል። ከሁለቱ ወንድማማቾች የታላቅየው ወታደሮች ግን እንዲያ አይደሉም። እግራቸው ድቅድቅ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጉልበታቸው ላይ ጨለማው ይለዝባል፤ ደረታቸው ላይ ይሳሳል፤ ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል። የቱ ጋ እንደተለወጠ ጣትህን አሳርፈህ "እዚህ ነው" ማለት አትችልም። ታላቅየው ይህን ሥራ "ማንጋት" ይለዋል። "ዛሬ አምስቱን አነጋኋቸው" ብሎ ወገቡን ይዞ ከወንበሩ ይነሳ ነበር።

መተዳደሪያው መኪና መቀባት ነበር። ጋራዥ ውስጥ በትልቁ መርጫ በር ሲቀባ ውሎ፣ ቤት ሲገባ እስክሪብቶ የምታህለውን መርጫ ያነሳል። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻይ ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆውን እየመታ ይንቃጨል ነበር። "እጄ ጭፈራ ለምዷል" እያለ ቤቱን አሳቀ። ሳቁ ሳይውል ሳያድር አለቀ። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለ፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም አለ። ጋራዡም "ዕረፍት ውሰድ" አለው፤ መቼ እንደሚመለስ ግን ሳይጨምር።

ቀብቶ የጨረሳቸው ስልሳ ወታደሮች የመጨረሻ የእጁ ሥራ ናቸው። ሌላ አይኖርም። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው የለም።

ታናሹ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ብቻውን መሆን የሚወድ፣ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተጨናንቆ እሱ በመስኮት ደመና የሚቆጥር ዓይነት ልጅ ነው። ወንድሙ "አይጤ" ይለዋል፣ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚሄድ። እሱም ከጎን ተቀምጦ አሥራ ሁለት ወታደሮች ቀብቷል። የእሱዎቹ ግን ሰማያዊው ከላዩ ቀለም ጋር የተገናኘበት መስመር ወገባቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "አይጤ፣ ያንተዎቹ ሁሉ ቀበቶ ታጥቀዋል፤ ሱሪያቸው እንዳይወልቅ ፈርተህ ነው?" ብሎ ቀልዶበታል።

ታላቅየው ሆስፒታል በገባ በዘጠነኛው ቀን እናትየው ልታመጣው ሄደች። ጠዋት ነው፤ ዝናቡ እንደጀመረ ነው። ታናሹ ከሥራ ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ስልሳዎቹ ቫርኒሽ፣ ቀለሙን የሚጠብቀውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ አልተቀቡም። ቫርኒሽ ያላገኘ ቀለም በጣት ብዛት ይለቃል፤ ታላቅየው ደግሞ እጁ ከታመመ ወዲህ በቀን አራት አምስቴ እያነሳ ያያቸዋል። የሦስቱ ትከሻ መመለጥ ጀምሯል። "ሲመጣ ተሸፍነው ይጠብቁታል፤ እንደፈለገ ይዳብሳቸዋል" ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ደግ ነበር።

እንደተማረው መጀመሪያ በአንዱ ሞከረ፤ ከራሱ ባለ ቀበቶዎች በአንዱ። ጠበቀ። ደረቀ። ጥርት ያለ ነው። ስልሳዎቹን በስድስት ረድፍ ደረደራቸውና ለመርጫው አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር መልሶ አስነሳ። ወዲያው በሩ ተደበደበ። የታችኛው ቤት ሴትዮ ናት።

"አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤትህ ዛሬም ተከፈተ?"

"እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ። ከዚያ ድምፁን አይሰሙትም።"

"አሥር ደቂቃ! የኔ ሰዓት ይሠራል፤ ያንተን እንጃ።"

አፈረ። እፍረቱም አጣደፈው። አየሩ ሲታመቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንከሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማሽኑ በየረድፉ ይቆማል፣ ከታች ያለው ብሎን ይላላል፣ ውሃው ይፈሳል፤ ካልፈሰሰ ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ይረጫል። ይህን ታላቅየው መቶ ጊዜ ነግሮታል። ታናሹ ግን ለሴትዮዋ የሰጠው አሥር ደቂቃ ጆሮው ላይ እየጮኸ ስድስቱንም ረድፍ በአንድ ትንፋሽ ረጨ። እርጥብ ቫርኒሽ ደግሞ ያታልላል፤ እንደ መስታወት ነው፣ ቀለሙን እንዲያውም አጉልቶ ያሳያል። "ጋሼ ይህን ቢያይ" አለ ብቻውን፣ ፈገግ ብሎ። ማሽኑን አጠፋ።

እጁን ታጥቦ ሲመለስ የመጀመሪያው ረድፍ ደህና ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ዓይኑን አሸት አደረገ። ነጩ እያየው ሰፋ፤ ከትከሻ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ጉልበት ወረደ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሃምሳው ወታደር ዱቄት የተነፋበት መሰለ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩም ዘግይተው ተከተሉ። ጥጥ በቲነር ነክሮ የጦር አዛዡን ትከሻ በቀስታ ጠረገው። ነጩ ለቀቀ። ከነጩ ጋር ንጋቱም ለቀቀ፤ ጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያፈጠጠው ግራጫው ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛውን ለመንካት ድፍረት አጣ።

ታክሲው ቀትር ላይ ደረሰ። ታላቅየው በእናቱ ትከሻ ተደግፎ ገባ፤ ከስቷል፣ ቀልዱ ግን አልከሳም።

"አይጤ! የሆስፒታሉ ሾርባ ከኔ በላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለታችን ተገናኝተን አንድ ማንኪያ እንኳ አፌ አልደረሰም።" ከዚያ የወንድሙን ፊት አየና "ምን ሆነሃል?" አለ።

ታናሹ ጠረጴዛውን በሰውነቱ ጋረደ። እናትየው በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

"ውይ፣ በረዶ አለበስካቸው! ደግ አደረግህ የኔ ልጅ፤ ድሮ ጥቁርቁር ብለው ያስፈሩኝ ነበር።"

ታላቅየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንዱን አነሳ፤ በሚንቀጠቀጥ እጁ ላይ ወታደሩ ቆሞ የሚበርደው ይመስል ነበር። አገላበጠው።

"ውሃውን አፍስሰህ ነበር?"

"አላፈሰስኩም ጋሼ።"

"በየረድፉ?"

"አንዴም።"

ታላቅየው ራሱን ነቀነቀ። ታናሹ፣ ወንድሙ እንዲጮህበት፣ የያዘውን እንዲወረውርበት ለመነ፣ በልቡ። ታላቅየው ግን ወታደሩን ቦታው መለሰ፤ ሲመልሰው ሁለቱን ጣላቸው፣ ሊያነሳቸው ሞክሮ ሦስተኛውን ጣለ። ተወው። ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳሉት ባለ ቀበቶዎች ሄደ።

"እነዚህ ተርፈዋል" አለ።

"ቫርኒሹ አልበቃም።"

"ጥሩ ናቸው። መስመሩ ትንሽ ነው የሚታየው።" ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ ታናሹን አንጀቱን የቆረጠው ይህ ነው። "እማ፣ ልተኛ። መንገዱ አደከመኝ።"

አስተኛችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳ ሲቀርብ "አልራበኝም" አለ፤ መድኃኒቱን ስታቀርብለትም "ይቆይ" አለ። እናትየው ወጥታ ታናሹን በሹክሹክታ "ምን አስቀየምከው? መንገዱን ሙሉ ስለነሱ እያወራ ነው የመጣው" አለችው። እሱም "ምንም" አላት።

ወታደሮቹን ጫማ ካርቶን ውስጥ በጨርቅ እየጠቀለለ ያስተኛቸው ጀመር። አንድ ቀን፣ ከብዙ ልምምድ በኋላ፣ ራሱ እንደገና ሊያነጋቸው ይችል ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ እጁ ቆመ። ትከሻቸው ላይ የነበረው ቀለም የቱ ነው? ወይን ጠጅ ያለፈበት ሮዝ ነበር? ወይስ ወደ ብርቱካን ያደላ? ስልኩን ከፈተ። ፎቶዎቹ ሁሉ በአምፖል የተነሱ ናቸው፤ ሁሉም ቢጫ ነው። ታላቅየው ቀለሙን በዓይኑ ነበር የሚደባልቀው፤ የጻፈው ነገር የለም። ዓይኑን ጨፍኖ ሊያስታውስ ሞከረ፤ የመጣለት ነጩ ነው።

የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳይተኛ ተኝቷል። ታናሹ እስከ በሩ ሄደ። እጀታውን ያዘ። የአልጋው ብረት ከወንድሙ እጅ ጋር ሲንቀጠቀጥ በእንጨቱ በኩል ይሰማል፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ብዙ ቆመ። ከዚያ እጀታውን ለቀቀና ተመልሶ የቀሩትን መጠቅለል ቀጠለ።