የለቅሶ ካሳ

ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ውስጥ አንድ እድር በድንኳን ተጣልቶ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ድንኳኑን ወዲህና ወዲያ ሲጓተቱ ከመሐል ተቀደደ፤ ጦርነቱም ያኔ ተጀመረ። ወንበር ተማረከ፤ ብረት ድስት ታገተ። ከሁሉ የከፋው ግን አንዱ ሰፈር ሲያዝን ሌላው መቅረቱ ነው። የላይ ሰፈሯ የበለጡ እናት፣ እማማ ንግሥት፣ ያረፉት በዚያ መሐል ነበር። ከታች ሰፈር ዝር ያለ ሰው የለም። የልጅነት ባልንጀራቸው፣ በሙሾ አገር የሚያስለቅሱት እማማ ሥራዬ እንኳ ቀሩ። በለጡን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይኼ ነው።

ውሎ አድሮ ሁለቱም ወገን ጠቡ ሰለቸውና እርቅ ተባለ። ገለልተኛ ቦታ ሲፈለግ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ያለው፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑት የጋሽ ነስሮ ቤት ተመረጠ። ገና ሲገቡ ግን ሌላ ግጭት ተነሳ። የሐረሪ ቤት መቀመጫው ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ታዲያ ማን ከፍ ይበል?

«ተበዳዮቹ እኛ ነን፤ ላይኛው የኛ ነው» አሉ በለጡን አጅበው የመጡት አቶ ሀብተወልድ።

«አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት ጦርነት ነው!» አሉ የታች ሰፈሩ አቶ ፍፁም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሬዲዮ ዜና ስለማይለዩ ንግግራቸው ሁሉ መግለጫ ሆኗል።

«ወላሂ፣ መደቡ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ነስሮና ራሳቸው ላይኛው ላይ ወጡ። «ሁላችሁም ታች!»

ወንበሩም ድስቱም እንዲመለስ ተስማሙ። ካሳው ላይ ሲደርሱ አቶ ፍፁም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ ንግሥትን በተመለከተ፣ የእኛ ወገን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን...»

«መግለጫ አልፈልግም» አለች በለጡ። «የቀራችሁበትን ለቅሶ መጥታችሁ አልቅሱልኝ። እማማ ሥራዬ ሙሾ ያውርዱ።»

«ቆመን ነው ቁጭ ብለን?» አሉ አቶ ፍፁም ቀስ ብለው።

«በቁም። ደረት እየተመታ።»

«ደረቱ ይቅር፤ ግማሾቻችን ደም ግፊት አለብን።»

«እናቴም ነበረባት!»

«እንግዲያው በፈረቃ እናልቅስ።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ ጋሽ ነስሮ። «እንባ እንደ መብራት በፈረቃ ይመጣል እንዴ?»

«እሺ፣ ማብቂያውስ መቼ ነው?» አሉ አቶ ፍፁም።

«በለጡ በቃ እስክትል» አሉ አቶ ሀብተወልድ።

በወጉ አልቃሽ ገላግሎ «በቃ» የሚለው ሽማግሌ እንጂ ሐዘንተኛው አይደለም። አቶ ፍፁም ግን የሴት አንጀት ቶሎ ይራራል ብለው ደስ እያላቸው ተስማሙ።

እሑድ ጠዋት ታች ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ በለጡ ደጅ ደረሰ። እንባው ግን እምቢ አለ። አቶ ፍፁም ደረቅ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ በለጡ ክንዷን አጣጥፋ እንደ ንብረት ተረካቢ ታያቸዋለች። ይኼኔ እማማ ሥራዬ ወደ ፊት ወጡ፦

«ብቅ በይ ንግሥትዬ፣ ስደቢኝ እንደ ድሮ፣
ማን ይሰድበኛል ያላንቺ ዘንድሮ።»

የበለጡ ክንድ ተፈታ። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ስትናደድ እንጂ ስታለቅስ አልከረመችም። አሁን ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ መጣና «በቃ» የምትልበት አፍ አሳጣት። ፀሐይዋ በረታች፤ ታች ሰፈርም «በቃ» እስክትል እየጠበቀ ያለቅሳል።

«አንዴ በቃ ትበልልን እንጂ!» አሉ አቶ ፍፁም፣ አቶ ሀብተወልድን በክርናቸው ጎሸም አድርገው።

«ስምምነት ስምምነት ነው» አሉ አቶ ሀብተወልድ፣ እንባቸው እየወረደ።

በመጨረሻ እማማ ሥራዬ በለጡ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ከመሞቷ በፊት ስለኔ ያለችው ነገር ነበር?»

በለጡ አፍንጫዋን ጠረገች። «‹ያቺ ነገረኛ ከለቅሶዬ የምትቀር መስሎሻል? እግሯን ያማታል፤ መቀመጫ ያዢላት› አለችኝ።»

«እኔን አፈር ይብላኝ!» ብለው እማማ ሥራዬ እንደ አዲስ ጀመሩ።

አቶ ፍፁም «ይኼኛውስ ከስምምነቱ ውጭ ነው» ቢሉም የሰማቸው የለም።