የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ

መምህር ይሻው ሳይንስ አያውቅም። የሳይንስ ክበብ ሰብሳቢ ያደረገው እውቀቱ ሳይሆን ኮቱ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ደብረ ታቦር ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ልጆች በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ትንሽ የሳይንስ ሙዚየም ሊከፈት ነበር። ከየርዕሱ ለእኔና ለክፍል ጓደኛዬ ለውዴ የደረሰን «ብርሃን» የሚለው ነበር። ውዴ ከእብናት መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ሦስት ቃል ለመናገር ሦስት ቀን የምታስብ ልጅ ናት። ሐሳቡ የእሷ ነው። አሮጌውን የወንበር መጋዘን አጨለምነው፤ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንን፣ በሩ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ በሳን። እኔ ከአባቴ ሱቅ ነጭ አቡጀዲ አመጣሁ። ጎብኚው ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ አቡጀዲውን በእጁ ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋ ሲያርቅ ግቢው በሙሉ፣ ዛፉም ሰዉም፣ ተዘቅዝቆ ጨርቁ ላይ ይታያል። መጀመሪያ የሠራ ዕለት፣ ወላሂ፣ ጮህኩ። ውዴ ግን አለቀሰች።

ለውድድር የሚሄደውን ሥራ ለመምረጥ ከባሕር ዳር የሚመጡት እንግዳ ከወደዱት፣ ውዴ ሥራዋን ይዛ ትሄዳለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በጉብኝቱ ጠዋት ስንደርስ ላስቲኩ ተገፏል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጣሪያው ላይ አራት አምፖል፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ፣ አቡጀዲው ላይ ደግሞ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት!

«መምህር፣ ምን አደረጉት?» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የተከበረ እንግዳ ጨለማ ቤት ይገባል? ምን ይሉናል? ደግሞስ ስለ ብርሃን አይደል? ይኸው ብርሃን!»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንለፋ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አላየም። ላስቲኩን መልሰን ልንሰቅል ስንጣደፍ እንግዳው የሌሎቹን ሥራ አይተው መጡና መኪናቸው ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ቆመ።

እንግዳው ገቡ። አምፖሎቹን አዩ፣ ባዶውን ጨርቅ አዩ። አንድ ነገር እንደጎደለ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያሰባችሁት እንዲህ ነበር?»

ይሻው ከኋላቸው ሆኖ አፈጠጠብኝ። ውዴም አየችኝ፤ ከሁለታችን ምላስ ያለኝ እኔ ነኝ። ሰው ስሰድብ የምውለው እኔ፣ «አዎ፣ ጌታዬ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«በርቱ» አሉ። «ለውድድሩ ግን ቅድም ያየሁት የውኃ ፓምፕ ይሂድ።»

ይሻው እየሮጠ ሸኛቸው፤ እኔም ተከተልኩ። መኪናው አጠገብ ቆመው ብዙ አወሩ። የመኪናው በር ሲከፈት እሱ ጎንበስ ቀና አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔም አብሬ እጅ ነሳሁ።

ስመለስ የመጋዘኑ በር ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፤ ውዴ ከፈተች። አምፖሎቹን አጥፍታ ላስቲኩን መልሳ ሰቅላዋለች።

«ሠራ?» አልኳት።

«ሠርቷል።»

«ምን ታየሽ?»

አቡጀዲውን አጣጥፋ እቅፌ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ» አለችኝ፤ «ተዘቅዝቀሽ እጅ ስትነሺ።»