ሁለተኛው ኩባያ

«ነፍስ ይማር» እያሉ የሚገቡት ሰዎች ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ሀይማኖት ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ በአንድ አየቻቸው። እናቷ ወርቅነሽ መሞቷን እሷ የሰማችው ትናንት ጎህ ሲቀድ ነው። እነሱ ግን ድሮ የሟች አገር አዲስ ቅዳም ድረስ ሄደው ቀብረው፣ ሰልስቱን አውጥተው፣ እንባቸውን ጨርሰው ወደ እንጅባራ ተመልሰዋል። ለቅሶ ደግሞ እንደ ንፍሮ ነው፤ ሁለተኛ ሲሞቅ አይጥምም።

«አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይደርቃል» አለቻት የእናቷ ታናሽ እህት እታለማሁ።

ሀይማኖት የአክስቷን ጥቁር ሻሽ አየች። ከመውለዷ በፊት ልትጠይቃት ስትመጣ አበባ ያለበት ሻሽ ነበር የምታስረው። ለካ ከሥሩ ጸጉሯን ተላጭታ ኖሯል! ለካ የአጥሩ በር ላይ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አስተካክላ፣ ፊቷን ጠርጋ ነው የምትገባው!

«አክስቴ፣ ያኔ እየሳቁ ነበር የሚገቡት።»

«ምን ላድርግ ልጄ? እርጉዝ መርዶ አይነገራት። ደንግጠሽ ፅንሱ ቢጠፋስ?»

ሀይማኖት ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ያልተፈታውን ቦርሳ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች።

ቦርሳውን ያዘጋጁት ከእናቷ ጋር ነው። ወርቅነሽ እዚሁ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ በአዊኛ እያንጎራጎረች፣ እያጣጠፈች ታቀብላት ነበር። ለመጠቅለያ ያረጀ ነጠላ፤ አዲስ ጨርቅ ሕፃን ይቆረቁራል አለች። የሱፍ ኮፍያ፤ የእንጅባራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣላ! ፔርሙስ። በመጨረሻ ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ።

«እማ፣ ሁለት ምን ያደርግልኛል?»

«አንዱ የኔ ነው። አንቺ አጥሚት ስትጠጪ እኔ አፍ አፍሽን እያየሁ ልቀመጥ?»

ተሳሳቁ። በማግስቱ እናትየዋ ቅቤና ማር ላምጣ ብላ ወደ አገሯ ተሳፈረች፤ በዚያው ማጀቷ ውስጥ ወድቃ ቀረች።

ሀይማኖት ይህን አላወቀችም። «ጉልበቷን አሟት ነው» አላት ባሏ ምንይችል። ስልኳስ? «ኔትወርክ የለም።» ምጡ መጣ፣ ወለደች፣ እናት የለችም። ልቧ ሻከረ። ሆስፒታሉ ውስጥ አጠገቧ የተኛችውን ሴት እናቷ ታስታምማት ነበር። አሮጊቷ በፔርሙስ ክዳን ስትጠጣ አየችና ሀይማኖት ሁለተኛውን ኩባያ አውጥታ ሰጠቻት።

«ይውሰዱት እማማ። ባለቤቱ ልጇን የምትወድ መስሎኝ ነበር።»

ምንይችል አልጋው ግርጌ ቆሞ ሰምቷል። የሕፃኑን ኮፍያ ያስተካክል ጀመር።

ያንገበገባት ይሄ ነው። ሞቱን እግዜር አመጣው። መደበቁም፣ እሺ፣ ወግ ነው፤ እሷም ለሌላ ሰው ደብቃ ታውቃለች። ግን ከወለደች በኋላ እናቷን ስታማ፣ ስታማርር፣ አንድ ሰው እንኳ «ተይ» አላላትም። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው፤ ያ ሁሉ ክፉ ቃል አሁን ተመልሶ መጣባት።

ምንይችል የንፍሮ ሰሃን ይዞ ገባ። ቦርሳው ተከፍቶ ሲያይ ባለበት ቆመ።

«ኩባያውን ስሰጥ አይተህ ነበር» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«ያልኩትንም ሰምተሃል።»

«ሽማግሌዎቹ ሳትጠነክር እንዳትነግራት አሉኝ። እኔ...»

«መርዶውን መች አልኩህ? ‹ተይ፣ እናትሽን እንዲህ አትበያት› ማለት አቃተህ? እኔን አዳንክ፤ እሷን አሰደብካት።»

«በስመአብ፣ ሰው እየሰማ!» አለች እታለማሁ። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ምንይችል ሰሃኑን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ተገተረ።

«አሮጊቷ የግምጃ ቤት ከተማ ሰው ናት» አለ በመጨረሻ። «ኩባያውን ፈልጌ አመጣልሻለሁ።»

«ቃሌንስ ከየት ታመጣልኛለህ?»

ምንይችል ሰሃኑን እንደያዘ ወጣ።

ሕፃኑ ለጡት ያለቅስ ጀመር። እታለማሁ በቀረው ኩባያ አጥሚት ሞልታ አቀበለቻት። ሀይማኖት እስከ ግማሽ ጠጣችና አቆመች። የኩባያውን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከአልጋው ጎንበስ ብላም እናቷ ተቀምጣበት የነበረው ወለል ላይ፣ ቦርሳው አጠገብ፣ ቀስ አድርጋ አኖረችው።

«ጨርሺው እንጂ ልጄ» አለች አክስቷ።

«የኔን ጠጥቻለሁ።»