ነፋስ የተከለከለ ምድር ቤት

ሩመንካ ቤቱን ገና ከአጥሩ በር ሆና ስታየው ወደደችው። ሁለት የፕለም ዛፍ አለው፤ ትምህርት ቤቱም ከደጁ ነው። ባለፈው ዓመት የሳቫ ወንዝ ሞልቶ ስለገባበት ዋጋው ወርዷል። ሐሳብ የሆነባት ምድር ቤቱ ነበር። የስድስት ዓመት ልጇ ኢስክራ አስም አለባት፤ ሻጋታ ያለበት ቤት አይሆናትም።

ስለዚህ ልጅቷን ከአባቷ ጋር ግቢ ውስጥ ትታ፣ ከግንበኛው ከቲሆሚርና ከቤቱ ሻጭ ከእማማ ኮሳራ ጋር ደረጃውን ወረደች። ሽታው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀበላቸው። ቲሆሚር ለሁለቱም የአፍ መሸፈኛ ሰጥቶ ባትሪውን አበራ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጠቋቁሯል።

«ሻጋታ እንዳይመስልህ፤ ጥላ ነው» አሉ እማማ ኮሳራ።

«ጥላው ፀጉር አብቅሏል፣ እማማ። መስኮቶቹስ የት ገቡ?»

ሁለቱም መስኮቶች በአሮጌ ምንጣፍ ተደፍነው በሚስማር ተመተዋል።

«ውሃው እንደወጣ እኔው ነኝ የደፈንኳቸው። ከጎርፍ ተርፌ በነፋስ ልሙት? ግራና ቀኝ መስኮት ከፍቶ ማን ጤና አገኘ?»

ሩመንካ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች። እሷም በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የምታዘጋ፣ በሰኔ ሙቀት የልጇን አንገት በሻርፕ የምትጠቀልል ሴት ናት።

«እውነታቸውን እኮ ነው» አለች።

ቲሆሚር ሳቀ። «እናትና ልጅ ናችሁ እንዴ? ስሚኝ እህቴ፤ ልስኑን ከውሃው መስመር አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ እፍቀዋለሁ፤ ጡቡን አጸዳለሁ፤ ሲደርቅ ኖራ እቀባዋለሁ። የሚያደርቀው ግን ነፋስ ነው። ሁለቱም መስኮት እስከ መስከረም ተከፍቶ ይክረም።»

«ሁለቱም? ባንድ ጊዜ?»

«ባንድ ጊዜ።»

«ቀለም ብንቀባውስ?»

«ከዓይንሽ ይደበቃል፤ ከልጅሽ ሳንባ ግን አይደበቅም።»

ከግቢው የኢስክራ ሳል ተሰማ። ሩመንካ ጥግ የቆመው የጎመን መጥመቂያ በርሜል ላይ ወጥታ ምንጣፉን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፤ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ወደቀ። ሁለተኛውንም ነቅላ መስኮቶቹን ከፈተቻቸው። ነፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ የላይኛው በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

«ተይ ልጄ፣ ትሞቻለሽ!» ብለው እማማ ኮሳራ አንገታቸውን ይዘው ወደ ላይ ሮጡ።

ግድግዳው መስከረም ላይ ደርቆ ከተገኘ የሽያጩን ውል ሊፈራረሙ ተስማሙ። እማማ ኮሳራ እዚያው ጎረቤት እህታቸው ዘንድ ስለነበሩ፣ በደጁ ባለፉ ቁጥር ለቤቱ አዝነው አንዱን መስኮት ይዘጉታል። ሩመንካ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ትከፍተዋለች። በሐምሌ ትዕግሥቷ አለቀና መስኮቶቹን ከማጠፊያቸው አውልቃ፣ በቦታቸው ወንፊት ሽቦ አስመትታ፣ መስኮቶቹን ይዛ ሄደች።

በመስከረም ቲሆሚር የእርጥበት መለኪያውን ጡቡ ላይ አስደግፎ፣ «እንደ አጥንት ደርቋል» አለ። ኖራውም ተቀባ። ኢስክራ ወረደች። ሩመንካ የልጅቷን የአስም መድኃኒት መንፊያ በመዳፏ ጨብጣ፣ የራሷን ትንፋሽ ይዛ ቆመች። ልጅቷ በርሜሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ጮኸች፤ የድምፅዋን ማስተጋባት ሰምታ እንደገና ጮኸች።

«እማዬ፣ ራበኝ!»

አንዴም አልሳለችም። በዚያው ሳምንት ተፈራረሙ።

እማማ ኮሳራ ለቤት መግቢያ ስጦታ ብለው በእጃቸው የሠሯቸውን ሁለት ወፍራም ሻርፖች አመጡ። ሩመንካ አንዱን ለኢስክራ፣ አንዱን ለራሷ ጠመጠመች። ከዚያ ወርዳ መስኮቶቹን በየቦታቸው መለሰቻቸውና ሁለቱንም ወለል አድርጋ ከፈተቻቸው።