የእትዬ ሆድ

ሰዓት ሠሪው ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ታላቅ እህቱ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጸሐፊ ነበረች፤ አለቆቿ እንኳ ደብዳቤ ሲያስጽፏት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር ይባላል።

የያዛት ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ሲገባ ሐኪሙ ጠንከር ያለ የህመም ማስታገሻ አዘዘላት። ኪኒኑ እፎይ አሰኛት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ በዓይኗ ዞረ። ሰዓት ሠሪውም ተመስገን ብሎ ሱቁን እንደገና መክፈት ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ምግብ እምቢ አለች።

«እትዬ፣ ሾርባው አልጣፈጠም እንዴ?»

«በቃኝ አልኩህ እኮ!»

ብርድ ልብሷን ሲያስተካክልላት ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አየው። ጠየቃት፤ «ሽንት ቤት... ከተቀመጥሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ዘጠኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ታናሽ ወንድም አይጠይቅም።»

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን አልወስድም አለች። «ያሰረኝ እሱ ነው።» እስከ ምሳ ሰዓት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ በኋላ ጩኸቷ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የትንኝ ዓይን የምታህል ብሎን ቦታዋ የሚመልሱት ጣቶቹ የቱን ይዳብሱ? ኪኒኑንና ውሃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አምጣው» አለችው በመጨረሻ፤ ዋጠችው።

ፋርማሲ ሮጦ ነገሩን አስረዳ።

«ሆድ የሚያለሰልስ ሽሮፕ አብሮ አልታዘዘላትም?» አለችው ፋርማሲስቷ።

«ኧረ ማንም አልነገረን!»

«ከመጀመሪያው ቀን መጀመር ነበረባት። ይሄ ኪኒን ሆድ ያደርቃል። አሁንማ ሽሮፕ ብቻውን አይሆንም፤ ዛሬውኑ ባለሙያ ይያት።»

ሽሮፑን ገዝቶ፣ ቤት ለቤት የምትሠራ ነርስ ለምኖ አመጣ። ሆዷን ዳበሰች፤ አዳመጠች፤ ሐኪሙን በስልክ አማከረች፤ ጓንቷን አጠለቀች።

«ወንድሜ፣ በጎኗ አስተኝተህ ያዝልኝ።»

«እሱ ይውጣ!» አለች እህቱ። ግን ሌላ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ትከሻዋን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከአንድ ሰዓት ፍዳ በኋላ በነርሷ ጣት እንደ ጠጠር የደረቀ ጥቂት ነገር ወጣ።

«ለዛሬ ይበቃታል፤ ነገ እመለሳለሁ» አለች ነርሷ። «ኪኒኑም ሽሮፑም እንዳይቋረጥ።»

«ተመልሶ ቢደርቅስ?»

«ደግመን እንሞክራለን። ሌላ ምን እናደርጋለን?»

ነርሷን ሸኝቶ፣ የወጣውን የተቀበሉበትን ሳህን አጥቦ ሲመለስ እህቱ ትጠብቀው ነበር።

«ሸተተህ አይደል?»

«ኧረ ምንም!»

ውሸቱን እንደሆነ አወቀችበት። ያቺ ሰው የሚፈራት እትዬ አንሶላውን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሰዓት ሠሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሽሮፑን በማንኪያ ቀዳላት።