አንቱታ የማያውቅ መቃኛ

ኃላፊው ጡረታ ከወጡ ሰባት ወር ቢሆናቸውም ቤተሰቡ ዛሬም ኃላፊው ነው የሚላቸው። ባለቤታቸው እንኳ ሠላሳ አራት ዓመት አብራቸው ስትኖር «አንተ» ብላቸው አታውቅም። እኔስ ከማን አንሼ፣ ይኸው በአንቱታ ነው የማወራላችሁ።

እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብላ ልጃቸው ኡኩሌሌ ገዛችላቸው፤ ጊታር የሚመስል፣ አራት ክር ያለው፣ ጭን ላይ ጉብ የሚል ትንሽ ነገር። የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ በትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ልትዘፍን ነው፤ አጃቢዋ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ጀማሪ ስለሆኑ ስልካቸው ላይ መቃኛ አፕ ተጫነላቸው። ክር ሲመቱ ስልኩ ያዳምጥና ይናገራል።

«በጣም ከርሯል። አላላው» አላቸው።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ኧረ ክሩን ነው» አለች ባለቤታቸው።

«ክሩንማ ሰምቻለሁ! ‹ያላሉት› ቢል ምላሱ ይቆረጣል? እኩያው ነኝ እኔ?»

አንቱ የተባሉ ሰው በገዛ ሳሎናቸው በስልክ ይታዘዙ? ወዲያው ወረቀት አወጡና «ጉዳዩ፦ ስለ አጠራር» ብለው ለአፑ ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩን ለባለቤታቸው ሰጡ። ከዚያ ስልኩ አላላው ያላቸውን ክር ሁሉ በእልህ አከረሩት። መቼም ማክረር እንጂ ማላላት እጃቸው አያውቅበትም።

ክር ሲከር ድምፁ ይቀጥናል። ልጅቷ ያንን ቀጭን ድምፅ ልትከተል በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ ትጮሃለች። ሰኞ ጮኸች፣ ማክሰኞ ጮኸች፣ ሐሙስ ድምፅዋ ተዘጋ።

«ብርድ መቷት ነው» አለች ባለቤታቸው።

«አቧራ ይሆናል» አለች ልጃቸው።

ኃላፊው መስኮቱ እንዲዘጋና ልጅቷ አንገቷ ላይ ሻርፕ እንድታስር አዘዙ። በዚያ ቤት ውስጥ ፊት ሳይፈራ እውነቱን የሚናገር ስልኩ ብቻ ነበር። እሱንም ድምፁን አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

አርብ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ተለማመዱ። ልጅቷ ገና ከመጀመሯ ድምፅዋ ሰለለና ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው?» አሉ።

«ምንም አይደል አባባ» አለች በሻከረ ድምፅ። «እርስዎ አይንኩት። ትንሽ ከጮህኩ እደርስበታለሁ።»

ይህችን ቃል ያውቋታል። ቢሯቸው ውስጥ ስንቱ ላብ እያጠመቀው «እደርስበታለሁ፣ ጌታዬ» ብሏቸዋል። ያኔ ትጋት ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ያችን ቀጭን አንገት ሲያዩ አፈሩ።

ስልኩን ከመሳቢያው አውጥተው ድምፁን ከፈቱለት።

«በጣም ከርሯል። አላላው።»

አላሉት።

«ገና ነው። አሁንም አላላው።»

«እሺ» አሉ ኃላፊው።

አራቱንም ክር እንደታዘዙት አላሉ። ልጅቷ ሻርፑን ፈትታ፣ ተረከዟ መሬት ረግጦ ዘፈነች። የሻከረ ቢሆንም የራሷ ድምፅ ነበር።

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየች።

«አንተ! እንዴት ደስ ይላል!» የሚል ቃል አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

«አቤት» አለ ባሏ።